የተቀረጸው ቁልፍ በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩን ግን አያሠራም፦ ስለ ምትክ የመኪና ቁልፍና ሪሞት

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ሁለት ቁልፎች ተረክበዋል፤ አንደኛው ሪሞት ያለው ሲሆን ሁለተኛው ምንም መጫኛ የሌለው፣ ሲያዩት ተራ የሚመስል ቁልፍ ነው። ሪሞት ያለው ከሦስት ሳምንት በፊት ጠፋባቸው። በቀረው ቁልፍ ናሙናነት አንድ ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሌላ አስቀረጹ፤ አዲሱ ቁልፍ በሩን ይከፍታል፣ መሪውንም ያላቅቃል፣ ሞተሩ ግን ተነሥቶ ሁለት ሰከንድ ሳይቆይ ይጠፋል፣ ዳሽቦርዱ ላይም የቁልፍ ሥዕል ያለበት መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ቀጥለው ከተበታተነ ተመሳሳይ መኪና የወጣ ሪሞት ያለው ቁልፍ ገዝተው ለሌላ ባለሙያ ቢያሳዩ «ይህ ለእርስዎ መኪና አይገባም» ተብለው ተመለሱ። ጥያቄዎቻቸው ሦስት ናቸው፦ ከሁለቱ ባለሙያዎች የተሳሳተው ማን ነው? የጠፋውን ቁልፍ ያገኘ ሰው መኪናዬን ይዞ ሊሄድ ይችላል? አሁንስ ምን ላድርግ?

ከሁለቱ ማንም አልተሳሳተም፤ ጥፋት ካለ ሳይነግሩዎት በቀሩት ነገር ላይ ነው። በእጅዎ የያዙት አንድ ቁልፍ ቢመስልም በውስጡ ሦስት የተለያየ ሥራ ያላቸው ሦስት ነገሮች አሉ፦ መቆለፊያውን የሚያዞረው ጥርስ የተቀረጸበት ብረት፣ ሞተሩ እንዲሠራ የሚያስፈቅደው ቺፕ፣ በሩን ከርቀት የሚከፍተውና የሚዘጋው ሪሞት። ሦስቱ በአንድ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጉ እንጂ በአብዛኞቹ መኪኖች አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ መኪናውም የሚያውቃቸው በተለያየ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ባለሙያ ብረቱን በትክክል ቀርጾ ሰጥቶዎታል፤ ቺፕ ግን አላስገባበትም። ሁለተኛው ደግሞ የመለሰዎት የሌላ መኪና ምስጢር የተጻፈበትን ቺፕ አይቶ ሳይሆን አይቀርም። «ቁልፍ አሠራልኝ» ብሎ በጥቅሉ መጠየቅ ይህን መሰሉን ውጣ ውረድ ስለሚያስከትል፣ ከዚህ በኋላ ለሚያነጋግሩት ባለሙያ ሁሉ ሦስቱን ለየብቻ እያነሡ እንዲጠይቁ እመክራለሁ።

የሚያስቸግርዎት ቺፑ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ። ሞተር ተነሥቶ ወዲያው መጥፋቱና መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱ ኢሞቢላይዘር የተባለው የስርቆት መከላከያ ቁልፉን እንዳላወቀው የሚያሳይ የታወቀ ምልክት ነው። በአንዳንድ መኪኖች ሞተሩ ጭራሽ አይዞርም፤ በሌሎች ይዞራል፣ ይነሣል፣ ግን ነዳጁ ወይም እሳቱ ስለሚቋረጥ ይጠፋል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቁልፍ በሚገባበት ሲሊንደር ዙሪያ ቀለበት መሰል ጥቅልል ሽቦ አለ። ቁልፉን ሲያዞሩ ይህ ጥቅልል ብዙውን ጊዜ በ125 ኪሎኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል፤ በቁልፉ ራስ ውስጥ ያለው ቺፕ ባትሪ ስለሌለው ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ ሞገድ ነው፤ ኃይል እንዳገኘም ለመኪናው መልስ ይሰጣል። በቀደሙት ቺፖች መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ነበር። ኋላ የመጡት ግን ከመኪናው የሚላክላቸውን በየጊዜው የሚለያይ ቁጥር ተቀብለው፣ በውስጣቸው በተቀመጠ ምስጢር አስልተው ውጤቱን ይመልሳሉ፤ መኪናውም በበኩሉ ያንኑ ስሌት ሠርቶ ሁለቱ ከተስማሙ ሞተሩን ይፈቅዳል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ፣ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ውስጥ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የሪሞቱ ባትሪ ቢሞት እንኳ ቁልፉ ገብቶ የሚዞርበት መኪና ይነሣል፤ ቺፑ ባትሪውን አይፈልገውምና። ሁለተኛ፣ እርስዎ «ተራ» ያሉት መጫኛ የሌለው ቁልፍ ሞተሩን የሚያሠራ ከሆነ ተራ አይደለም፤ በፕላስቲክ ራሱ ውስጥ የሩዝ ፍሬ የምታህል የመስታወት ብልቃጥ ወይም ትንሽ ጥቁር ሽብልቅ መሳይ ቺፕ አለበት። ማረጋገጥ ከፈለጉ የቁልፉን ራስ በአሉሚኒየም ወረቀት በደንብ ጠቅልለው ሞተሩን ለማስነሣት ይሞክሩ፤ እንደ አዲሱ ቁልፍ ተነሥቶ ከጠፋ ቺፕ እንዳለው ያውቃሉ፤ ወረቀቱን ሲያነሡለት ወደ ነበረበት ይመለሳል። በነገራችን ላይ፣ ሁለት ቺፕ ያላቸው ቁልፎችን በአንድ ቀለበት ላይ አጣምረው የሚይዙ ሰዎች «አንዳንዴ ይነሣል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» ሲሉ እሰማለሁ፤ ሁለቱ ቺፖች እኩል እየመለሱ ንባቡን ስለሚያበላሹት ነው፤ ቁልፎቹን መለያየት ብቻ ችግሩን ይፈታዋል።

መኪናው ኢሞቢላይዘር ይኑረው አይኑረው በዕድሜው ብቻ አይታወቅም፤ የተሠራበት ገበያም ይወስነዋል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አዲስ የቤት መኪኖች ይህን መሣሪያ እንዲይዙ የተገደዱት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1998 ጀምሮ ነው፤ አውስትራሊያ በ2001፣ ካናዳ በመስከረም 2007 ተከተሉ። በአሜሪካ ገበያ ግን ግዴታ ስላልነበረ ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ ብዙ የህዩንዳይና የኪያ መኪኖች፣ በተለይ ቁልፍ ገብቶ የሚዞርባቸው፣ ያለ ኢሞቢላይዘር ተሸጠው ኋላ የስርቆት ዒላማ ሆነዋል። ስለዚህ «የጓደኛዬ መኪና ተመሳሳይ ዓመት ነው፤ ብረቱን ብቻ አስቀርጾ ይነዳል» የሚል ምስክርነት ለእርስዎ መኪና ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ገዙት ያገለገለ ሪሞት እንምጣ። ከላይ እንዳልሁት ባለሙያው የመለሰዎት በቺፑ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ጨርሶ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ሁኔታውን መለየት ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ምስጢራዊ ቺፖች ለአንድ መኪና አንድ ጊዜ ከተጻፉ በኋላ ይቆለፋሉ፤ የቀድሞውን መኪና ምስጢር ማጥፋትም ሆነ በላዩ ላይ መጻፍ በተለመደው መንገድ አይቻልም። ነገር ግን በበርካታ ሞዴሎች የሪሞቱ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ቺፑ የተለያዩ ናቸው። እንዲህ ከሆነ የቀድሞውን ቺፕ ከፕላስቲኩ ጎድጓዳ አውጥቶ በምትኩ አዲስ ባዶ ቺፕ ማስገባት፣ ሰሌዳውን ደግሞ በሪሞትነቱ ብቻ ለመኪናዎ ማስመዝገብ ይቻላል። ቺፑና ሪሞቱ በአንድ ሰርኪዩት ላይ የተዋሐዱ ከሆኑ ግን ባለሙያው ልክ ነው፤ ያ ሰሌዳ ለእርስዎ አያገለግልም። በልዩ መሣሪያ የተቆለፉ ሰሌዳዎችን ወደ አዲስነት የሚመልሱ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ በአንዳንድ ሞዴሎች ይሳካላቸዋል፣ በሌሎች ሰሌዳው እስከ ወዲያኛው ይሞታል። እኔ ብሆን ለዚህ ዕድል ሙከራ ከመክፈል ትክክለኛውን ባዶ ቁልፍ መግዛትን እመርጣለሁ።

ትክክለኛ የሚባለው በመልክ የሚመሳሰለው አይደለም፤ ከሚፈጸሙት ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት የሆኑ፣ መጫኛቸው በቁጥርም በሥዕልም የሚገጥም ሁለት ሪሞቶች በውስጣቸው በሬዲዮ ሞገድ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ለሰሜን አሜሪካና ለጃፓን ገበያ የተሠሩት በብዛት 315 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሲጠቀሙ፣ ለአውሮፓና ለብዙ ሌሎች አገሮች የተሠሩት 433.92 ይጠቀማሉ፤ 868 የሚጠቀሙም አሉ። በ315 የሚናገረውን ሪሞት 433.92 ብቻ የሚሰማ መኪና ጨርሶ አይሰማውም፤ ምንም ያህል ጊዜ ፕሮግራም ለማድረግ ቢሞከር አይሳካም። ከሞገዱ ሌላ የቺፑ ዓይነትም መግጠም አለበት። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የዋናውን ሪሞት ዕቃ ቁጥር ይያዙ፤ ብዙ ጊዜ በጀርባው ወይም ባትሪው ሲወጣ በውስጠኛው ፕላስቲክ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። የእርስዎ ስለጠፋ ቁጥሩን ማግኘት የሚቻለው በመኪናው ሻንሲ ቁጥር ነው። 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ይህ ቁጥር በብዙ መኪኖች በፊት መስታወቱ ታች ከሾፌሩ ወይም ከተሳፋሪው በኩል ይነበባል፤ በአምራቹ የዕቃ ዝርዝር ላይ ሲገባም ያ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የያዘውን የቁልፍ ዓይነት ያሳያል። ቁጥሩን ሲገለብጡ የላቲኖቹ አይ፣ ኦ እና ኪው በውስጡ ፈጽሞ እንደማይገቡ ያስታውሱ፤ ኦ የሚመስልዎት ዜሮ ነው፣ አይ የሚመስልዎትም አንድ።

ሪሞቱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅም ይጠቅምዎታል፤ «ሪሞቴ በድንገት ረሳ» የሚባለው ነገር ምንጩ እዚህ ነውና። ሪሞቱ በተጫነ ቁጥር ያው አንድ መልእክት አይልክም፤ በየጫናው የሚቀየር፣ በምስጢር የተለወጠ ቁጥር ነው የሚልከው፤ ባይሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ሞገዱን የቀዳ ሌባ መልሶ እያጫወተ በሩን ይከፍት ነበር። መኪናው ቀጥሎ የሚመጣውን ቁጥር ይጠብቃል። በሰፊው በታወቀው ኪሎክ በተባለው ስልት ለምሳሌ፣ መኪናው ከመጨረሻው ቀጥሎ ካሉት 16 ቁጥሮች አንዱ ከመጣለት ያለ ጥያቄ ይቀበላል፤ ከዚያ ዘልሎ ከሄደ ግን ሁለት ተከታታይ ቁጥሮች እስኪሰማ ይጠብቃል። ሕፃን ልጅ ከመኪናው ርቆ ሲጫወትበት የዋለ ሪሞት በመጀመሪያው ጫና እምቢ ብሎ በሁለተኛው የሚሠራው ስለዚህ ነው። ሪሞት አልሠራ ሲልዎት ምትክ ከማዘዝዎ በፊት ባትሪውን ይቀይሩ፤ ብዙዎቹ ሲአር 2032 የሚባለውን 20 ሚሊሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ባለ 3 ቮልት ባትሪ ይወስዳሉ፤ በምትኩ ቀጭኑን ሲአር 2025 ቢያስገቡ ቮልቱ እኩል ቢሆንም ባትሪው ይላላና ሪሞቱ አንዴ ሠርቶ አንዴ ይጠፋል።

ለጠያቂያችን በቀጥታ ባይሆንም ለሌሎች አንባቢዎች ማለፍ የማልፈልገው አንድ ነገር አለ። የሪሞቱ ፕላስቲክ ሲሰበር አዲስ ሽፋን ገዝቶ ሰሌዳውን ወደ አዲሱ ማዛወር ቀላል ሥራ ነው፤ ሆኖም ቺፑ በአሮጌው ፕላስቲክ ጥግ ተሸጉጦ መቅረቱን ሳያውቁ አሮጌውን ከቆሻሻ ጋር የሚጥሉ ሰዎች በየጊዜው ይመጡብኛል። ሪሞቱ በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም፤ የጣሉትን ለማግኘትም ዘግይተዋል። ሽፋን ሲቀይሩ መኪናው በአዲሱ እስኪነሣ ድረስ አሮጌውን አይጣሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የጠፋውን ያገኘ ሰው ምን ማድረግ ይችላል ወደሚለው ስንመጣ፣ እንዳለ ከተተወ መልሱ «አዎ፣ መኪናውን ይዞ መሄድ ይችላል» ነው። አዲስ ቁልፍ ማሠራት የጠፋውን አያሰናክለውም። መኪናው የሚያውቃቸውን ቁልፎች ዝርዝር በኢሞቢላይዘሩ ማህደረ ትውስታ ይይዛል፤ አዲስ ሲጨመር ዝርዝሩ ይረዝማል እንጂ አሮጌው አይወጣም። የጠፋውን ለማስወጣት የሚያስፈልገው ቁልፎችን ሁሉ ሰርዞ በእጅ ያሉትን ብቻ እንደገና መመዝገብ ነው። ይህን በግልጽ ካልጠየቁ ብዙ ባለሙያዎች አዲሱን ጨምረው ይሸኙዎታል፤ ሥራው ለእነርሱም ይቀላል። የመመርመሪያ መሣሪያው በአብዛኞቹ መኪኖች የተመዘገቡትን ቁልፎች ብዛት ያሳያል፤ ሥራው ሳይጀመር ቁጥሩን ያሳዩኝ ይበሉ፣ ሲያልቅም እንደገና ይመልከቱ። ሁለት ቁልፍ የተረከቡበት መኪና መጀመሪያ ላይ ሦስት ወይም አራት ቢያሳይ አይደንቀኝም፤ ያገለገለ መኪና ሲገዙ ከቀድሞ ባለቤቶች አንዱ እጅ ሌላ ቁልፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ለነገሩ ሁለተኛ እጅ መኪና በተገዛ ሰሞን ይህን ስረዛ ማስደረግ ቁልፍ ባይጠፋም የሚገባ ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። በብዙ መኪኖች የቺፖቹ ዝርዝርና የሪሞቶቹ ዝርዝር ለየብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ ቺፑ በኢሞቢላይዘሩ ወይም በሞተሩ ኮምፒውተር፣ ሪሞቱ ደግሞ የበሮቹንና የመብራቶቹን ሥራ በሚመራው ሳጥን ወይም በራሱ መቀበያ። ስለዚህ የጠፋው ቺፕ ተሰርዞ ሪሞቱ ግን ሳይሰረዝ ሊቀር ይችላል፤ ያገኘው ሰው ሞተሩን ባያስነሣም በመኪና ማቆሚያ ውስጥ እየተዘዋወረ በመጫን መኪናውን ለይቶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ያለውን ዕቃ መውሰድ ይችላል። የሁለቱንም ስረዛ ይጠይቁ። ብረቱ ደግሞ ከኤሌክትሮኒክሱ ስረዛ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ሁሉም ተሰርዞ እንኳ የተቀረጸው ጥርስ በሩን መክፈቱን ይቀጥላል። ቁልፉ የጠፋው አድራሻዎን ከሚያሳይ ወረቀት ወይም ከቦርሳ ጋር ከሆነ፣ ወይም ተሰርቆ ከሆነ፣ የበሩ ሲሊንደር ውስጥ ያሉት ትንንሽ ሳህኖች ተቀይረው ለአዲስ ጥርስ እንዲስተካከሉ ማስደረግ ተገቢ ነው። መንገድ ላይ ወድቆ የቀረና ከማንም መኪና ጋር ሊያያዝ የማይችል ቁልፍ ከሆነ ግን ይህን ያህል ወጪ አያሻም ባይ ነኝ።

አንዳንድ ባለሙያዎች ስረዛና ምዝገባ ሳያስፈልግ የቀረውን ቁልፍ ቺፕ ገልብጠው ሊሰጡዎት ይችላሉ። ግልባጩ ከዋናው ጋር አንድ ስለሆነ መኪናው ሁለተኛ ቁልፍ እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ ሥራው ፈጣን ነው፤ መኪናውም ሳይመጣ ይሠራል። ምስጢራዊ የተባሉት ቺፖች እንዴት ይገለበጣሉ ብለው ቢጠይቁ፣ ቀደም ያሉት ምስጢሮች አጭር ስለነበሩ ነው፤ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና በአርኤስኤ ላቦራቶሪዎች የነበሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ባለ 40 ቢት ቺፕ ሰብረው አሳይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የመገልበጫ መሣሪያዎች በሰፊው ተሠርተዋል። ሁለት ቁልፍ በእጁ ይዞ ሦስተኛ ለቤተሰብ ለሚፈልግ ሰው ግልባጭ በቂ ነው። ለእርስዎ ግን አልመክረውም፤ የጠፋውን አያስወጣልዎትም፤ ወደፊት ስረዛ ሲደረግም ዋናውና ግልባጩ የሚቆጠሩት እንደ አንድ ነው፤ ከዝርዝሩ የሚወጡትም አብረው ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ በእጅዎ አንድ የሚሠራ ቁልፍ በመኖሩ ላይ የቆመ ነው፤ ይህ ቁልፍ ሲጠፋ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሚሠራ ቁልፍ ካለ ባለሙያው በእርሱ ሲስተሙን ከፍቶ አዲሱን ያስተዋውቃል። ከሌለ ግን መኪናው ተጎትቶ መምጣት አለበት ወይም ባለሙያው መሣሪያውን ይዞ መሄድ አለበት፤ እንደ አምራቹ የተለየ የምስጢር ቁጥር ሊጠየቅ ይችላል፤ አንዳንዶቹም ሌባ እንዳይታገሣቸው ሆን ብለው ያስጠብቃሉ፤ በብዙ ፎርዶች መሣሪያው 10 ደቂቃ፣ በአንዳንድ ቶዮታዎች 16 ደቂቃ ይቆያል። የመመርመሪያ መሣሪያው በሚሰካበት የመኪናው መሰኪያ በኩል ካልተቻለ ደግሞ የኢሞቢላይዘሩ ሳጥን ተፈትቶ፣ ማህደሩ ቀጥታ ተነብቦና ተለውጦ ይመለሳል፤ ይህ ሥራ በጥሩ እጅ ይሠራል፣ በመጥፎ እጅ ሳጥኑን ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩ አንዳንድ ፊያቶች ደግሞ አዲስ ቁልፍ የሚመዘገበው ቀይ ራስ ባለው ዋና ቁልፍ ብቻ ነበር፤ ቀዩ ሲጠፋ የፋብሪካው መመሪያ የሞተሩን ኮምፒውተር መቀየር ነበር። አንድ ቁልፍ ብቻ ይዞ ወራት መቆየት የማያዋጣው ስለዚህ ነው፤ የመጨረሻው የጠፋ ዕለት የሚከፈለው ከዛሬው ብዙ እጥፍ ይሆናል።

የቀረልዎት ቁልፍ ምን ዓይነት እንደሆነ ማጣራትም ይኖርብዎታል። አንዳንድ አምራቾች ከዋናው ቁልፍ ጋር ለመኪና ጠባቂ የሚሰጥ ረዳት ቁልፍ ያወጣሉ፤ በብዙ የቀድሞ ቶዮታዎች ዋናው ጥቁር፣ ረዳቱ ግራጫ ራስ አለው። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሞተሩን ያስነሣል፤ በአንዳንዶቹ የኋላ ሻንጣውን ወይም የዳሽቦርዱን ኪስ አይከፍትም፤ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን አዲስ ቁልፍ የማስተዋወቅ ሥልጣን የሌለው መሆኑ ነው። የእርስዎ ረዳት ቁልፍ ከሆነ የተመዘገበ ቁልፍ ቢኖርዎትም ለምዝገባው ሥራ ቁልፍ እንደሌለዎት ሊቆጠር ይችላል፤ ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩት፣ የሥራውን ዓይነት ይለውጥበታልና። በሌላ በኩል ባለቤቱ ራሱ ያለ መሣሪያ ቁልፍ እንዲጨምር የሚፈቅዱ መኪኖች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙ ፎርዶች ይህን የሚፈቅዱት ሁለት የተመዘገቡ ቁልፎች ሲቀርቡላቸው ብቻ ነው። ከቪዲዮ ላይ የተቀዳን የ«ቁልፉን አምስት ጊዜ አዙር» መመሪያ ከመሞከርዎ በፊት መመሪያው ለእርስዎ ሞዴልና ዓመት የተነገረ፣ ደግሞም ስለ ቺፕ እንጂ ስለ ሪሞት ብቻ ያልሆነ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አብዛኞቹ ስለ ሪሞት ብቻ ናቸው።

ብረቱን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ አንድ ምክር ብቻ። ለዓመታት የተሠራበት ቁልፍ ጥርሱ ይበላል፤ ከእርሱ የተቀዳው አዲስ ቁልፍ መበላቱን አብሮ ይቀዳና አልፎ አልፎ ይነክሳል ወይም አልዞር ይላል። ከተቻለ በናሙና ሳይሆን በቁልፍ ኮድ እንዲቀረጽልዎ ይጠይቁ። ኮዱ ከአዲስ መኪና ጋር በሚሰጥ ትንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ መለያ ላይ ይገኛል፤ እርሱ ከሌለ ሕጋዊ ባለቤት መሆንዎን አሳይተው በሻንሲ ቁጥሩ ከአምራቹ ተወካይ ይጠየቃል። ኮዱም ሆነ ጥርሱ በጉልህ የሚታይበት የቁልፍ ፎቶግራፍ ለማንም የሚላክ አይደለም፤ የሠለጠነ ሰው ከፎቶው ጥርሱን አንብቦ ይቀርጻል። አሁን ያስቀረጹት ቁልፍ በሩን የሚከፍት ስለሆነ አይጣሉት፤ ራሱ ክፍት ቦታ ያለው ዓይነት ከሆነ ባዶ ቺፕ ገብቶበት በዚያው ሥራ ሊመዘገብ ይችላል፤ ከሌለውም ሪሞቱ ውስጥ ቢዘጋብዎት በር መክፈቻ ይሆንዎታል።

ማን ይሥራልኝ ለሚለው፣ የአምራቹ ወኪል አዲስ ዋና ዕቃና ዋስትና ይሰጥዎታል፤ ጊዜ ይወስዳል። በኢሞቢላይዘር ላይ የሠለጠነ ነጻ ባለሙያ በፍጥነት ይሠራል፤ ችሎታቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። አንዱ መለኪያዬ የባለቤትነት ሰነድና መታወቂያ መጠየቁ ነው፤ ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚሠራ ሰው ነገ ለሌላውም የእርስዎን መኪና ቁልፍ ሳይጠይቅ ይሠራል። ሌላው መለኪያ ሥራ ሲጀምር የመኪናውን ባትሪ መለካቱ ነው፤ ምዝገባው በመካከል ቮልቱ ወርዶ ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ግማሽ ተጽፎ ሊቀር ስለሚችል ጠንቃቃ ባለሙያ ቻርጀር ወይም የቮልቴጅ ማረጋጊያ አያይዞ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ ከመሄዴ በፊት በስልክ ሻንሲ ቁጥሩን ሰጥቼ የቺፑን ዓይነትና የሪሞቱን ሞገድ አጣርተው እንዲነግሩኝ፣ ያገለገለው ሪሞት በቺፑ መቀየር ብቻ የሚሠራ መሆኑን፣ የሚሠራልኝ መጨመር ሳይሆን ሰርዞ መመዝገብ መሆኑን፣ ስረዛው ሪሞቶቹንም የሚያካትት መሆኑን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። በዕለቱም ያሉኝን ቁልፎች ሁሉ፣ የተቀረጸውንም ጭምር ይዤ እሄዳለሁ፤ በስረዛው ጊዜ ያልቀረበ ቁልፍ ይወጣልና። ዕድሉ ካለ አንድ ሳይሆን ሁለት አዲስ ቁልፍ እንዲመዘገቡ አደርጋለሁ፤ መሣሪያው ከተያያዘና ሲስተሙ ከተከፈተ በኋላ ሁለተኛውን መጨመር ትንሽ ሥራ ነው።

የሥራው ፍተሻ ቦታው ላይ ሳሉ መደረግ አለበት፤ በችኮላ የተደረገ ፍተሻም ያታልላል። አንዳንድ መኪኖች ቁልፍ ከወጣ በኋላ ለጥቂት ሰከንዶች ፈቃዱን ይዘው ስለሚቆዩ፣ አሮጌውን አውጥተው ወዲያው አዲሱን ቢያስገቡ ያልተመዘገበውም የሠራ ይመስላል። አንዱን ቁልፍ ሲሞክሩ ሌሎቹን ከመኪናው ያርቁ፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይሥራ፤ ይህን በእያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ። በሩን በሪሞቱም በብረቱም፣ የኋላ ሻንጣውንም ጭምር ይክፈቱ። በብረቱ መክፈትን ብዙዎች ይዘሉታል፤ የመኪናው ባትሪ የሞተ ዕለት ግን ያለዎት መግቢያ እርሱ ብቻ ነው።

ቁልፍ ሳይገባበት በመጫኛ የሚነሣ ስማርት ኪይ ያላቸው አንባቢዎችም ከዚህ አብዛኛው ይመለከታቸዋል፤ ልዩነቱ በዚያ ዓይነት መኪና ሦስቱ ነገሮች ይበልጥ የተዋሐዱ በመሆናቸው ያገለገለ ቁልፍ እንደገና የመመዝገብ ዕድሉ የጠበበ መሆኑ ነው። ባትሪው ሲሞት በብዙዎቹ ቁልፉን ከማስነሻ መጫኛው ጋር አስጠግቶ መጫን፣ ለበሩ ደግሞ በውስጡ የተሸጎጠችውን ትንሽ የብረት ቁልፍ ማውጣት ይበቃል። በዙሪክ የስዊዘርላንድ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የ8 አምራቾችን 10 የመኪና ሞዴሎች ፈትሸው፣ በባለቤቱ ኪስ ያለውን ቁልፍ ሞገድ በመሣሪያ እያቀባበሉ ሁሉንም መክፈትና ማስነሣት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ ስለዚህ ምትክ ስማርት ኪይ ሲገዙ ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ሞገዱን የሚያጠፋ ዓይነት ለሞዴልዎ የወጣ ከሆነ እርሱን ይምረጡ።

ሥራው ሲጠናቀቅ ከባለሙያው ሳይለዩ የምስጢር ቁጥሩን፣ የቁልፉን ኮድና የአዲሱን ሪሞት ዕቃ ቁጥር በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ሥራውን ሲሠራ አብዛኛውን በመሣሪያው ላይ ያየዋል። ወረቀቱን ከመኪናው ውጭ፣ ከባለቤትነት ሰነዱ ጋር ያስቀምጡት። የጠፋው ቁልፍ አንድ ቀን ከሶፋ ሥር ቢገኝም ደስ ብሎዎት ሞተሩን ላስነሣበት አይበሉ፤ ከዝርዝሩ ወጥቷልና አይነሣም፤ ሪሞቱንና ቺፑን እንደገና ለማስመዝገብ ግን ይህ ወረቀት ይዘው ከሄዱ ሥራው አጭር ይሆናል።